አንድ ወር ከ«ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ጋር

ዘንድሮ ግለ ታሪክ ብቻ አነባለሁ ብዬ ነበር። ሦስተኛው ላይ ተያዝኩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» አንደኛው ቅጽ ነው። በሳምንት እጨርሰዋለሁ ያልኩት ወር ፈጀብኝ።

ምን ጠብቄ እንደነበር ልንገራችሁ። የቤተ መንግሥት ወግ! ማታ ማታ ምን ያሳስባቸው እንደነበር፣ ማንን ይጠረጥሩ እንደነበር፣ ከእቴጌ መነን ጋር ምን ይጫወቱ እንደነበር። ያገኘሁት ደብዳቤ፣ አዋጅና ንግግር ነው። በ1916 አውሮፓን የጎበኙበት ክፍል ላይ አቀባበሉና የንግግር ልውውጡ ሲደራረብብኝ፣ አልዋሽም፣ ሁለቴ መጽሐፉ ፊቴ ላይ ወድቆ ነቅቻለሁ።

ልተወው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይህ የተጻፈው በስደት ነው፤ አገሩ በጣልያን ተይዞ እሳቸው እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ተቀምጠው። ያኔ ነገሩ ገባኝ። እኔ ወግ ስጠብቅ እሳቸው አቤቱታ ነው የሚጽፉት። ባለጉዳይ ማስረጃውን በፋይል ሰብስቦ ደጅ እንደሚጠና ማለት ነው። የልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረድ ለምን ያን ያህል እንደተብራራ፣ የ1928ቱ የጄኔቭ ንግግር ለምን እንደገባ ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም።

አነባበቤንም ቀየርኩ። እርሳስ ይዤ፣ ለአቤቱታው የማይጠቅም ነገር ባየሁ ቁጥር አሰምርበታለሁ። ጥቂት ነው፤ ግን አለ። ስለ አስተማሪያቸው ስለ አባ ሳሙኤል የጻፉት ይገርማል። ካገኙት ሰው ሁሉ ዕውቀትን እንደ ንብ የሚቀስሙ ትሑት ሰው አድርገው ነው የሚያስታውሷቸው። አባ ሳሙኤል በ1907 ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥማ ሞቱ፤ ደጃዝማች ተፈሪም እዚያው ጀልባ ላይ ነበሩ።

ሌላው ቁልቢ ነው፣ 1898። አባታቸው ራስ መኮንን ታመው መናገር አቅቷቸዋል። የ13 ዓመቱ ልጅ ሲገባ በዓይናቸው ጠቅሰው አጠገባቸው እንዲቀመጥ ያመለክቱታል። ልጁም ቀኑን ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ይውላል። ይኸው ነው። አለቀስኩ፣ ተሰበርኩ የሚል የለም። እኔ ግን እዚያ ገጽ ላይ ሻዬ ቀዘቀዘ።

አሁን ያማረኝ ያንኑ ዘመን በሌላ ሰው ዓይን ማየት ነው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ በኋላም ጄኔቭ ላይ ለኢትዮጵያ የተከራከሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያትም የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈዋል። ያለው ሰው ያውሰኝ፤ በእርሳስ አላሰምርበትም።