የአያቴ ሬዲዮ
ደሴ ውስጥ "መካነ ኢየሱስ ነኝ" ስል አብዛኛው ሰው "እ፣ ፔንጤ" ብሎ ያልፈዋል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሉተራን፣ ማለትም የማርቲን ሉተርን ትምህርት የምትከተል ፕሮቴስታንት መሆኗን የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኔም ታሪኩን የሰማሁት ከአያቴ ነው፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲበረታ ከሰል ከበን ቁጭ ብለን፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ። ቤተ ክርስቲያኗ በአገር ደረጃ የተመሠረተችው በ1951 ዓ.ም. ነው። ለአያቴ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከሬዲዮ ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 አዲስ አበባ ላይ የከፈተውን የወንጌል ድምፅ ጣቢያ ለዜናው ሲሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ቤታችን መጥተው ይሰሙት ነበር (ወሎ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረግ!)።

በ1969 ደርግ ጣቢያውን ወረሰው፤ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። የቤተ ክርስቲያኗ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ በሐምሌ 1971 ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። አያቴ ይህን ስትናገር ዛሬም ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ያኔ ቤት ውስጥ የሚዘምሩት በሹክሹክታ ነበር፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው።

ሬዲዮው አሁንም ቁም ሳጥኑ ላይ አለ። አይሠራም። ልጣለው ብላት ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ።