«የሁሉም!»

ቅዳሜ ከሰዓት አክስቴ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ጓዳ ቡና ይቆላል። ዱባይ ያለው ጓደኛዬ ደወለ። እዚያ ያሉ ሐበሾች የጥያቄና መልስ ውድድር ሊያደርጉ ነው፣ ጥያቄ አውጪው እሱ ነው።

«በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ብዙ የታየው ገጽ ምንድን ነው?» አለኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ስወድ! የ2023ቱን ዝርዝር በቃሌ ነው የማውቀው። ኔትወርኩ ግን ይቆራረጣል፣ ስለዚህ እጮኻለሁ።

«አንደኛ ቻትጂፒቲ፣ ከ49 ሚሊዮን ጊዜ በላይ። ሁለተኛ ሞት!»

«ምን?»

«ሞት! የሞቱ ሰዎች!»

«ስንት?»

«42 ሚሊዮን!»

«የማን ሞት?»

«የሁሉም!»

ጓዳ ውስጥ ቡናው ሲንኮሻኮሽ የነበረው ድምፅ ቀጥ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊኪፒዲያ ላይ በዓመቱ የሞቱ ታዋቂ ሰዎች በየቀኑ የሚመዘገቡበት ገጽ አለ። ፈረንጅ ሆዬ ቡናውን ይዞ «ዛሬ ደግሞ ማን ሄደ?» እያለ ይከፍተዋል። የክሪኬት ዓለም ዋንጫ እንኳ፣ ያን ሁሉ ህንድ ይዞ፣ ከሱ በታች ሦስተኛ ነው የወጣው። በ2024 ጭራሽ አንደኛ ሆኗል።

ይህን ላስረዳ ብድግ ስል አክስቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ግቢ ውስጥ ደረቷን ትመታለች። ቡናው ምጣዱ ላይ አርሮ ጭሱ በመስኮት ይወጣል። ጎረቤት ጭሱን ይበል ጩኸቱን አይታወቅም፣ ግልብጥ ብሎ መጣ። የእድሩ ጸሐፊ ደብተራቸውን ሳይቀር ይዘዋል።

«ማነው? ማን ነው ያረፈው?»

«ሁሉም!» አለች አክስቴ።

ማስረዳቱ ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ ሲገባቸው ደግሞ የሚሄድ ጠፋ። አዲስ ቡና ተቆላ።

ጸሐፊው ነገሩን ከሙያቸው አንጻር ነው ያዩት። «42 ሚሊዮን ሰው መጥቶ አይቶ ድንኳን የተከለ የለም?»

«አይ ጋሼ፣ ማየት ብቻ ነው።»

«መዋጮም የለ?»

«በየጊዜው እርዱን ይላሉ፣ ግን ግዴታ አይደለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያለ መዋጮ ይሄን ያህል መቆየቱ አልተዋጠላቸውም። አክስቴ በበኩሏ የእንግሊዟ ንግሥት መኖራቸውን ጠየቀችኝ። የ2022ቱ ላይ አሉ አልኳት። በ1957 ዓ.ም. አገራችንን ሲጎበኙ ልጅ ሆና መንገድ ዳር ተሰልፋ አይታቸዋለች። ስለዚህ ለሳቸው ትንሽ ተለቀሰ። ነጠላውም ተዘቅዝቆ ስለነበር አመቺ ነው።

በረካ ላይ ስንደርስ የአክስቴ ስልክ ጠራ። ደብረ ብርሃን የሚሠራው ልጇ ነው። ለካ አንዷ ጎረቤት ገና በጩኸቱ ሰዓት ደውላ «ቶሎ ና፣ እናትህ ትፈልግሃለች» ብላዋለች። ሸኖን አልፏል።

«ማን ነው የሞተው? እውነቱን ንገሩኝ!»

አክስቴ ስልኩን ተቀበለች። ድምፅዋ ከቅድሙ ለቅሶ ገና ሻክሯል።

«ምንም የለም ልጄ። ሁላችንም ደህና ነን። ዝም ብለህ ና ብቻ።»

እዚህ አገር እንዲህ የሚባለው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እሱ ለቅሶውን ለቀቀው። ከኋላው አንዲት ተሳፋሪ ስትጮህ ይሰማል፦

«ሹፌር! ሙዚቃውን ዝጋው፣ መርዶ ነው!»