ሸሚዙ መሳቢያዬ ውስጥ ሦስት ሌሊት አደረ

ትንሽ ከተማ ውስጥ ፖሊስ መሆን የሚፈልጉ ልጆች በየጊዜው ይጠይቁኛል። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም፤ ስለዚህ ልጻፈው።

መግባቱ ቀላል ነው። ሩጫ፣ የጤና ምርመራ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ ሥልጠና። ጫማችሁን ቀድማችሁ አለማምዱት፣ በቃ።

ሥራውም እንደ ፊልም አይደለም። ሌባ ማባረር ብርቅ ነው። አብዛኛው ጥሪ የጎረቤት ጠብ፣ የሰካራም ጩኸት፣ የመኪና ግጭት፣ የጠፋ ልጅ ነው። ትልቅ ከተማ ላይ ለየሥራው ክፍል አለው። እኛ ጋ ግን ሌሊት ተረኛ ሁለት ሰው ከሆንን፣ ጠቡን የምንገላግለውም፣ ቃል የምንቀበለውም፣ ማስረጃ የምንሰበስበውም እኛው ነን። የተበላሸብኝም እዚህ ላይ ነው።

ዓርብ ማታ ጠብ ተነሣ ተብሎ ሄድን። አንድ ሰው በስለት ተወግቷል። እሱን ሆስፒታል ላክነው፣ ተጠርጣሪውን ደግሞ ብዙም ሳይርቅ ያዝነው። ሸሚዙ ደም በደም ነበር፤ አስወለቅኩት። ገና እርጥብ ነው። አጠገቤ የነበረው የፕላስቲክ ከረጢት ብቻ ስለሆነ እሱ ውስጥ ከትቼ ቋጠርኩት። እርጥብ ነገር መጀመሪያ ይድረቅ፣ ከዚያ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ይግባ ተብለን ተምረናል። ፕላስቲክ እርጥበቱን ያፍናል፣ ሻጋታ ያመጣል፣ ዲኤንኤውንም ያበላሻል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ደክሞኝ ነበር።

ጣቢያ ስንደርስ የኤግዚቢት ክፍሉ፣ ማለትም የማስረጃ ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል፣ ተቆልፏል። ባለቁልፉ ወጥቷል። ኃላፊዬ ጋ ደወልኩ። «መሳቢያህ ውስጥ ቆልፍበት፣ ሰኞ ታስረክባለህ» አለኝ። እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው፤ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። እሺ አልኩ። እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል፤ የእኔዋ እሺ ግን መዝገቡን ይዛው ገደል ገባች።

ሪፖርቱንም ቅዳሜ ከሰዓት፣ ተኝቼ ተነሥቼ፣ ከጭንቅላቴ ጻፍኩት።

ለምስክርነት የተጠራሁት ከወራት በኋላ ነው። የተከሳሹ ጠበቃ አልጮኸብኝም። በትሕትና፣ ሸሚዙ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት የት ነበር አለኝ። መሳቢያዬ ውስጥ። የመሳቢያው ቁልፍ ስንት ነው? ሁለት። ሁለተኛው ማን ጋ ነው? ዝም አልኩ፤ እኔም ጠይቄ አላውቅማ! ከዚያ የገዛ ሪፖርቴን አነበበልኝ። ሸሚዙን ወሰድኩ ያልኩበት ሰዓት ሰውየው ከተያዘበት ሰዓት ይቀድማል። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሸሚዙ ከማስረጃነት ወጣ፤ ለነገሩ ሻግቶም ነበር። ሁለቱ የዓይን ምስክሮች ደግሞ ቀድሞውኑ «አላየንም» ብለዋል። ተከሳሹ ነጻ ተባለ።

ኃላፊዬ ያን ቀን ስለ መሳቢያ ምንም ተናግሮ እንደማያውቅ ነገረኝ። ምን ልበል? ወረቀት የለኝም።

ትልቅ ከተማ ቢሆን የተወጋውን ሰውዬ ዳግም ላላየው እችል ነበር። እዚህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ መንገድ ላይ እንገጣጠማለን። ሰላም ይለኛል። ባይለኝ ይሻለኝ ነበር።

እና የቃል ትእዛዝ ሲሰጣችሁ ማን፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን እንዳለ እዚያው ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። አለቃ ቅር ይለዋል፤ ይበለው። ከተሳሳታችሁ ገጹን አትቅደዱ፤ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ፈርሙበት። የወረቀት ከረጢት መሥሪያ ቤቱ እስኪያቀርብ አትጠብቁ፣ ራሳችሁ ገዝታችሁ መኪናው ውስጥ አኑሩ።

ሥልጠና ላይ ከነዋሪው ጋር ብዙ አትቀራረቡ ተብለናል። ይህን አልቀበለውም። ያን ጊዜ እነዚያ ሁለት ምስክሮች በስም ቢያውቁኝ ኖሮ፣ ፈራን ብለው መጀመሪያ እኔ ጋ ይመጡ ነበር ብዬ አስባለሁ። ተቀራረቡ። ብቻ «የእኔን ልጅ ተወው» የሚለው የመጀመሪያ ስልክ ሲመጣ እዚያው እምቢ በሉ፤ ለአንዱ ከተዋችሁ ነገ ከተማው በሙሉ ቁጥራችሁን ይይዛል።

አሁን የኤግዚቢት ክፍሉ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደውሉልኛል። እየተነጫነጭኩ እሄዳለሁ።