ሄፓታይተስ ቢ ጉበት ሴል ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው?

ስለ ሄፓታይተስ ቢ ሳነብ በጣም የሚገርመኝ አገባቡ ነው። ቫይረሱ መጀመሪያ የጉበት ሴል ላይ ካሉት ሄፓራን ሰልፌት ከሚባሉ የስኳር ሰንሰለቶች ጋር ላላ ብሎ ይጣበቃል፣ ከዛ ፕሪ ኤስ 1 የሚባለው የቫይረሱ የላይኛ ፕሮቲን ክፍል ሴሉ ላይ ያለውን ኤንቲሲፒ የሚባል ፕሮቲን ይይዛል፣ ኤንቲሲፒ ደግሞ ዋና ስራው የሐሞት ጨው ከደም ወደ ሴሉ ማስገባት ነው እኮ! ይሄ የታወቀው ገና በ2012 እ.ኤ.አ. ነው።

ሄፓታይተስ ሲ ግን ስኳሩን እንደ ካባ ነው የሚለብሰው፣ ኢ2 የሚባለው ፕሮቲኑ በስኳር ስለተሸፈነ አንቲቦዲ (ሰውነታችን ቫይረስን የሚከላከልበት ፕሮቲን) ዋናውን ቦታ ማግኘት ይከብደዋል፣ እስካሁን ክትባት ያልተገኘለት አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው።

ደስ የሚለው፣ ቡሌቪርታይድ የሚባል መድሃኒት አለ፣ ፕሪ ኤስ 1ን አስመስለው ሰርተውት ኤንቲሲፒን ቀድሞ ይይዝበታል፣ ሄፓታይተስ ዲም በዚሁ በር ስለሚገባ አውሮፓ ውስጥ በ2020 እ.ኤ.አ. ለሱ ተፈቅዷል።