ቢራው ገና አልደረሰም
ዘመዴ ከውጭ ባመጣልኝ ኪት (የቢራ መጥመቂያ ጥቅል) የጠመቅሁትን ቢራ ዛሬ በጠርሙስ ልሞላ ተነሥቼ ነበር፤ አረፋው ከከሰመ ቢቆይም የፈሳሹን ጥግግት ለክቶ የቀረውን ስኳር የሚጠቁመው ሃይድሮሜትር ከትናንት በስቲያ ካሳየው ዝቅ ብሎ ስላገኘሁት፣ እርሾው ገና ስኳሩን እየበላ መሆኑን ተረድቼ ክዳኑን መለስሁ። ጎረቤታችን እማማ «ጠላ ቢሆን ይኼኔ ተጠጥቶ አልቆ ነበር» ብለው ሳቁብኝ።

ለአብዛኛው የኤል (በመጠነኛ ሙቀት የሚጠመቅ የቢራ ዓይነት) እርሾ የሚስማማው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሲሆን፣ የባሕር ዳር የሚያዝያ ከሰዓት ግን ከዚያ ስለሚያልፍ በርሜሉን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬዋለሁ፤ እርሾ ሲሞቀው ፈጥኖ ያፈላል፣ ጣዕሙን ግን ያበላሻል። የሃይድሮሜትሩ ቁጥር ለ2 ወይም ለ3 ቀናት ሳይለወጥ ሲቆይ ስኳር በልኩ ጨምሮ ማሸግ ይቻላል፤ ቀድሞ የታሸገ ጠርሙስ ሊፈነዳ ይችላል። ከታሸገ በኋላም ጋዝ እንዲይዝ 2 ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጭ መቆየት አለበት።