መሳቢያዬ ውስጥ የነበረው ሁለተኛ ጋዋን

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ካለው መሳቢያዬ ሁለት ነገር አይጠፋም ነበር። አንድ እሽግ ሞዴስና ትርፍ ነጭ ጋዋን። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጀርባዬን የምሰጠው ለስልሳ ተማሪ ነው። ደም በወር ውስጥ አሥር፣ አሥራ ሁለት ቀን ይፈሰኝ ነበር። ከወንበር በተነሳሁ ቁጥር መጀመሪያ ወንበሩን አያለሁ፤ ቀጥሎ የጋዋኑን ጀርባ በእጄ ሳብ አድርጌ አያለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ታምሜያለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

«የሴት ነገር ነው» ይባላል እኛ ቤት። እናቴም እንዲሁ ነበረች። ሕመሙ ወገቤን ቆርጦ እስከ ጭኔ ሲወርድ ማስታገሻ እውጣለሁ፣ ሲብስ እወጋለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ሁለት ክሊኒክ ሄጃለሁ። አንዱ «ትንሽ ማዮማ ናት፣ አትጨነቂ» ብሎ ሸኘኝ፤ ማዮማ የማህፀን እብጠት ነው። ሌላው የጨጓራ መድኃኒት ጨምሮ ማስታገሻ ጻፈልኝ። ሁለቱም ስለ ደሙ ብዛት አልጠየቁኝም። እኔም አልተናገርኩም፤ አፍሬ።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቀን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ልጄ ቦርሳዬን ይዛ «እማዬ፣ ከንፈርሽ ነጭ ሆኗል» አለችኝ። በማግስቱ እህቴ እጄን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ያገኘኋቸው የማህፀን ሐኪም ገና ከመቀመጤ «በቀን ስንት ሞዴስ ትቀይሪያለሽ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ጠዋት ሁለት ደርቤ፣ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ፣ በሻይ ሰዓት፣ በምሳ... ሌሊት የምነሳውን ስጨምር አሥራ አንድ መጣ። ራሴም ደነገጥኩ። ሐኪሙ ሦስት ነገር ነገሩኝ፤ አሁን ለማገኛት ሴት ሁሉ እነግራለሁ። ከሰባት ቀን በላይ የሚቆይ፣ ሞዴስ በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ የሚያስቀይር፣ ወይም ከሳንቲም የሚተልቅ የረጋ ደም ያለበት የወር አበባ መታየት አለበት። እኔ ሦስቱም ነበሩኝ።

ሄሞግሎቢኔ 6.9 ሆኖ ተገኘ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ይባላል። በብልት በኩል የተሠራው አልትራሳውንድ ደግሞ ማህፀኔ የሦስት ወር እርጉዝ ያህል ማበጡን፣ ግድግዳውም መወፈሩን አሳየ። አዴኖማዮሲስ የሚለውን ቃል ያኔ ነው የሰማሁት። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥለው አስረዱኝ። በየወሩ ተልጦ በደም መልክ የሚወጣው የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ወደ ጡንቻው ሰርጎ ይገባል። እዚያም በየወሩ ያብጣል፣ ይደማል፤ መውጫ ግን የለውም። ማህፀኑ የሚያብጠውም የሚያመውም ለዚህ ነው። ካንሰር አይደለም። እንደ ማዮማ ለብቻው ተለይቶ የሚቀመጥ እብጠት ስላልሆነም ለቅሞ ማውጣት ያስቸግራል።

ወዲያው ቢላዋ አላነሱም። መጀመሪያ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጠኝ፤ ወንድሜና የሥራ ባልደረቦቼ ሄደው ደም ለገሱ። ከዚያ አይረን ጀመርኩ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሆርሞን ያለው ሉፕም ገባልኝ። ብዙ ሴቶች በሉፑ ይገላገላሉ አሉኝ። የእኔ በአምስተኛው ወር ከደም ጋር ወጣ። መውለድ ለምትፈልግ ሴት ነገሩ ሌላ ነው። እኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ሁለት ልጆችም አሉኝ። ማህፀኔ ይውጣ አልኩ።

እናቴ ስትሰማ «ልጄ፣ እሱ ከወጣ ምን ይቀርሻል?» አለች። መልስ ስለሌለኝ ጥያቄዎቼን ደብተር ላይ ጽፌ ወደ ሐኪሙ ተመለስኩ። ከሁሉ የጠቀመኝ ያ ደብተር ነው። ሐኪሙ እንደመለሱልኝ፣ የሚወጣው ማህፀኑና የማህፀን በሩ ነው። የማህፀን ቱቦዎቹም ይወጣሉ፤ አንዳንዱ የኦቫሪ (የእንቁላል ዕጢ) ካንሰር ከእነሱ ስለሚነሳ። ሁለቱ ኦቫሪዎች ግን ይቀራሉ። ሆርሞን የሚያመነጩት እነሱ ስለሆኑ ማረጥ በአንድ ሌሊት አይመጣም። እማዬን አስቀምጬ አንድ በአንድ አነበብኩላት። «ታዲያ ሴትነትሽ አለ በይኛ» አለች። አለ።

ቀዶ ጥገናው ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ማረፊያ ጊዜ እንዳገኝ ብዬ ነው። የተሠራልኝ ሆድ ተከፍቶ ነው። ከወገብ በታች ብቻ አደነዘዙኝ። ሲጎትቱ ይሰማኛል፣ ሕመም ግን የለም። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ከባዱ የኋላው ነው።

በማግስቱ ጠዋት የሽንት ቱቦውን አውጥተው ሲስተር «ተነሺ» አለችኝ። የምትቀልድ መሰለኝ። ደም እግር ውስጥ እንዳይረጋ መራመድ ግድ ነው። ትራስ ሆዴ ላይ አቅፌ፣ በጎኔ ተንከባልዬ፣ በክንዴ ተደግፌ ተነሳሁ። ስስልም ስስቅም ያንን ትራስ እጫነው ነበር። ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ ከቤት ትራስ ያዙ። አንጀቴ ታስሮ ሆዴ ሲነፋ ደግሞ ከስፌቱ በላይ አመመኝ። ቤት ከገባሁ በኋላ ሐኪሙ ከፈቀዱልኝ ማለስለሻ ጋር እማዬ በየጠዋቱ የምትበጠብጥልኝ ተልባ ነው ያዳነኝ።

በአራተኛው ቀን ቤት ገባሁ። ሦስቱን ፎቅ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፤ ባለቤቴ ወንበር ይዞ እየተከተለ በየፎቁ ያስቀምጠኛል። እማዬ አጥሚት አፍልታ፣ ገንፎ አገንፍታ ጠበቀችኝ። መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ። የመጨረሻ ገንፎዬን የበላሁት ልጄን የወለድኩ ጊዜ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ጎረቤት ይገባል፣ ይስማል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። ሁሉም ነገር እንደ አራስ ነው። አጠገቤ ግን ሕፃን የለም። ማንኪያውን ይዤ አለቀስኩ። የምፈልገውን አድርጌ፣ ከሕመሜ ተገላግዬ ለምን እንደማለቅስ አልገባኝም ነበር። አሁን ይገባኛል። ልጆቼ የኖሩበት ቤት ነው። እማዬ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ገንፎው እስኪበርድ ድረስ ጀርባዬን ስታሻሽ ቆየች።

ጥፋቴን ደግሞ ልናገር። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ቀለለኝና የዳንኩ መሰለኝ። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ያን ቀን ሲመጣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ሃያ ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ሞልቼ ከመታጠቢያ ቤት ወደ ወጥ ቤት ወሰድኩት። ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ማታ ትኩስ ደም አየሁ። ሆስፒታል ስንደርስ የውስጡ ስፌት መድማቱን ነገሩኝ። ደግነቱ በዕረፍት ቆመ። ሐኪሙ «የውጩ ቁስል ስለደረቀ የውስጡ ደርቋል ማለት አይደለም» አሉኝ። ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አይነሳም ሲሉ ጀሪካንም፣ ምጣድም፣ የጎረቤት ሕፃንም ማለታቸው ነው። ቤተሰቡ ይህን ቀድሞ ይወቅ፤ ሴትዮዋ ራሷን አታስቆምም። ከባለቤቴ ጋር ለመሆንም ሐኪሙ አይተው እስኪፈቅዱ ሁለት ወር ጠበቅን። ፈርቼ ነበር። ፍርሃቱ ከሕመሙ በላይ ነበር፤ እሱ ታገሠኝ።

ደሜን ለመመለስ አይረኑን ለወራት ቀጠልኩ። ሰገራ ያጠቁራል፣ አትደንግጡ። ከቡና ጋር ግን አይሆንም፤ ቡናና ሻይ አይረኑ ሰውነት ውስጥ እንዳይገባ ያደርጋሉ። እኔ በብርቱካን ጭማቂ ማታ ማታ አደረግሁት፤ ቡናዬን ሳልተው። የነፍስ አባቴም ፍልሰታን አትጾሚም ስላሉኝ ጉበት በላሁ። በአራተኛው ወር ሄሞግሎቢኔ 12.1 ደረሰ። የወጣው ማህፀን የተመረመረበት የፓቶሎጂ ውጤትም አዴኖማዮሲስ ብቻ አለ፤ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

በጥቅምት አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ለዓመታት ብዙ ጊዜ ያስቀደስኩት ውጭ፣ ዛፍ ሥር ቆሜ ነው። ያን ቀን ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

ባለፈው ሳምንት ከመሳቢያዬ ትርፉን ጋዋን ሳወጣ አጠገቤ የምትቀመጠው የሒሳብ መምህርት አየችኝና «አንቺም ትይዢ ነበር?» አለችኝ። የራሷን መሳቢያ ገርበብ አድርጋ አሳየችኝ። «በቀን ስንት ትቀይሪያለሽ?» አልኳት። በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ስምንት ላይ ስትደርስ እጇን ዝቅ አድርጋ ዝም አለች። ሐሙስ ከክፍል በኋላ አብረን እንሄዳለን።