ዋኝቶ ሄደ ማለት ተረፈ ማለት አይደለም

ዛሬ ባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ ወብ ወንዝ ላይ ትራውት የተባለው ዓሣ በመንጠቆ ሲያዝና ሲለቀቅ ዋለ። ከተለቀቀው የሚሞተው ካለ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ከሰዓታት በኋላ ማንም ሳያየው ነው።

ዋናው ጠላት አየር ነው። ዓሣው ከውኃ ሲወጣ የስንጥቡ (የመተንፈሻው) ስስ ሽፋኖች ይጣበቁና ኦክስጅን መሳብ ያቅተዋል፤ ያውም ሲታገል ቆይቶ ጡንቻው በዛለበት ሰዓት። በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣ የካናዳ ጥናት፣ እስኪደክም ከተባረረው ቀስተ ደመና ትራውት (አንዱ የትራውት ዓይነት) 12 በመቶው ሞተ፤ ከዚያ 30 ሰከንድ አየር ላይ ከቆየው 38፣ 60 ሰከንድ ከቆየው ደግሞ 72 በመቶው። (የላቦራቶሪ ዓሣ ነው፤ ወንዝ ላይ ቁጥሩ ሊለይ ይችላል።) ፎቶ ካማራችሁ መጀመሪያ ካሜራው ይዘጋጅ፣ ከዚያ ዓሣው ለ5 ሰከንድ ብቻ ብድግ ይበል።

እጃችሁን አርጥቡ፤ ደረቅ እጅ ከፈንገስ የሚከላከለውን ልጋግ ይገፈዋል። መንጠቆው ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን ሹል አስቀድማችሁ በፒንሳ ደፍጥጡ። ጉሮሮው ድረስ ከዋጠው አትጎርጉሩ፣ ክሩን ቁረጡ። ውኃው 20 ዲግሪ ካለፈ ዘንጉን ሰብስቡ፣ ማጥመዱ ይቅር። ስትለቁት ፊቱን ወደሚመጣው ውኃ አዙራችሁ ያዙት፤ ወዲያና ወዲህ መግፋቱ አይረዳውም።